ፒት ሞስ፣ ጨፌ እና ቀጤማ፦ ከረግረግ ምን ይወሰዳል፣ ምንስ ይተዋል?



የክረምቱ ችግኝ ተከላ በተቃረበ ቁጥር በግብርናና በተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎቻችን መካከል አንድ ጥያቄ ይነሳል። የውጭ አገር ችግኝ ጣቢያዎች ዘራቸውን የሚያፈሉት ፒት ሞስ በሚባል ነገር ነው፤ ቀላል ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ አረም የለበትም። እኛስ ለምን ከረጢቱን ገዝተን አናመጣም? ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ከራሳችን ጨፌ ያንን ጥቁር አፈር ለምን ቆፍረን አንጠቀምም? ጥያቄው ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ካናዳና ወደ ባልቲክ አገሮች ይወስደናል። ሁለተኛው ግን እዚሁ ወለጋ ውስጥ ያስቀረናል፤ ለእኛ ከባዱም እሱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ተክል ሲሞት በተለምዶ ይበሰብሳል። ማበስበሱን የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አየር ይፈልጋሉ። መሬቱ ዓመት እስከ ዓመት ውኃ የተኛበት ከሆነ ግን አየር አይገባም፤ የሞተው ቅጠልና ሥር በግማሽ ብቻ በስብሶ ይቀራል። በላዩ ሌላ ይበቅላል፣ እሱም ይሞታል፣ ይደራረባል። እንዲህ ለሺህ ዓመታት የተከማቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ነገር ፒት ይባላል። በቀዝቃዛዎቹ የሰሜን አገሮች ክምችቱን በብዛት የሚሠራው ስፋግነም የተባለ የሞስ ዓይነት ነው። በከረጢት ታሽጎ «ፒት ሞስ» ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ስፋግነም ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ አትክልተኛው የሚወደውም ለዚህ ነው።

ፒት የሚያድገው በአማካይ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚያም ያንሳል። አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው፣ ከሂጅራ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የተከማቸው ሁሉ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። አንድ የመሰብሰቢያ ማሽን ግን በአንድ በጋ ብቻ ብዙ ሴንቲ ሜትር ገፎ ይወስዳል። የክርክሩ ሥር ይህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

አሰባሰቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ረግረጉ ውስጥ ቦይ ይቆፈርና ውኃው እንዲጠነፍፍ ይደረጋል። ከላይ ያለው ሕያው ሽፋን ተገፎ ይነሳል። ከዚያ የተጋለጠው ፒት በስሱ ይፋቃል፣ በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፣ እንደ ትልቅ መጥረጊያ ባለ መምጠጫ ማሽን ይሰበሰባል። ይህ ከዓመት ዓመት እየተደገመ ከ20 ዓመት በላይ ሊቀጥል ይችላል። ጉዳቱ ከተወሰደው አፈር ያልፋል። ውኃው ሲወርድ አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ ለሺህ ዓመታት ቆሞ የነበረው መበስበስ ይጀምራል፤ የታሰረው ካርቦንም ወደ ሰማይ ይወጣል። በቦዩ ግራና ቀኝ ያለው፣ ማንም ያልነካው ፒት ጭምር ይበሰብሳል ማለት ነው። የተሸጠውም ቢሆን በአበባ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ መበስበሱን ይቀጥላል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ጥቂት ቁጥር ልጨምር። የፒት መሬቶች ከዓለም የየብስ ስፋት 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናሉ፤ የያዙት ካርቦን ግን የዓለም ደኖች ሁሉ በዛፋቸው ከያዙት ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ መሠረት ከእነዚህ መሬቶች 12 በመቶ ገደማ ተጠንፍፈው ወይም ተጎድተዋል፤ ከእነሱ የሚወጣው ጋዝም የሰው ልጅ ከሚለቀው ጠቅላላ 4 በመቶ ያህል ነው። በአህጉራችን ትልቁ የፒት ክምችት በኮንጎ ተፋሰስ መካከል ይገኛል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ካርታውን ሲያወጡ ስፋቱ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የያዘው ካርቦን ደግሞ 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል መሆኑን ዓለም አያውቅም ነበር።

አምራቾቹ የሚያቀርቡትን መልስም መስማት ፍትሕ ነው። የካናዳ አምራቾች «አገራችን 113 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የፒት መሬት አላት፤ እኛ የምንነካው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እጅግ ያነሰ ነው» ይላሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። በተጨማሪም በኩቤክ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የተሻሻለ ዘዴ አለ፤ ቦዮቹን ደፍኖ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሕያው ሞስ በትኖ፣ በጭድ ሸፍኖ ረግረጉን መመለስ። በአሥር፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሞሱ ተመልሶ ሲያድግ ታይቷል። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን በዚህ መልስ አልረካም። ሞሱ ተመለሰ ማለት የተወሰደው ፒት ተመለሰ ማለት አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መሠረት ቢጣልለት ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ግን ገና የለም። «በአገር ደረጃ ጥቂት ነው» የሚለውም ብዙ ላላት ካናዳ ይሠራ ይሆናል፤ ትንሽ ላላቸው አገሮች አይሠራም። አየርላንድ ይህን በራሷ አይታዋለች። ለአሥርተ ዓመታት ፒት እያነደደች ኤሌክትሪክ ስታመነጭ የቆየችው ይህች አገር፣ የመንግሥቷ ኩባንያ ቦርድ ና ሞና እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የፒት ማውጣት ሥራውን በይፋ አቁሞ ረግረጎቹን መልሶ በውኃ ወደ መሙላት ዞሯል።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። ሩዋንዳ በጊሾማ 15 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ በፒት የሚሠራ ጣቢያ ገንብታለች። ቡሩንዲ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፒት ቆፍራ ለማገዶ ስታውል ቆይታለች። የእነዚህን አገሮች ችግር ማቃለል አይገባም፤ ደን እየመነመነ፣ ሕዝብ እየበዛ ማገዶ ከየት ይምጣ? ቢሆንም ከአንድ ረግረግ የሚወጣ ማገዶ አንዴ ካለቀ አለቀ። ከዛፍ የሚለየውም ይህ ነው፤ ዛፍን እንደገና ተክሎ ልጁ ሊያየው ይችላል።

የኢንዶኔዥያ እሳትና የዑለማዎቹ ፈትዋ

ስለ ፒት ሲነሳ እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ልናውቀው የሚገባ ታሪክ ያለው በኢንዶኔዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥት በማዕከላዊ ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል የፒት ረግረግ ወደ ሩዝ እርሻ ለመለወጥ ተነሳ። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። ውኃው ወጣ፣ ደኑ ተመነጠረ፣ ሩዙ ግን አልበቀለም፤ የፒቱ አፈር ለሩዝ የሚሆን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ድርቅ ሲመጣ የደረቀው መሬት ተቀጣጠለ። ፒት ሲቃጠል እንደ ሣር እሳት ነዶ አይጠፋም። ከመሬት በታች እየጨሰ ለሳምንታትና ለወራት ይጓዛል፤ አንዱን ቦታ ሲያጠፉት በሌላው ይወጣል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ፤ ቦዮቹ ግን ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደንና መሬት ተቃጠለ፤ ከዚህ ሲሶ ያህሉ ፒት ነበር። የዓለም ባንክ የአገሪቱን ኪሳራ 16 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተው። ጭሱ ባሕር ተሻግሮ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ሸፈነ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት ቁጥር 30/2016 የሆነውን ፈትዋ አወጣ። ጉዳትን፣ ብክለትንና በሰዎች ጤና ላይ ችግርን የሚያስከትል የደንና የመሬት ማቃጠል ሐራም መሆኑን አወጀ። በፈትዋው ውስጥ እኔን የገረመኝ ሐራምነቱ ክብሪት በጫረው ሰው ብቻ አለመቆሙ ነው። ሁኔታውን ያመቻቸ፣ እያየ የፈቀደና ከማቃጠሉ ጥቅም ያገኘም በፍርዱ ውስጥ ገብቷል። እሳቱን መከላከልና መቆጣጠር ደግሞ ዋጂብ ተብሏል። ዑለማዎቹ እሳቱን ብቻ ነጥለው እንዳላዩት ግልጽ ነው፤ ከእሳቱ በፊት ቦይ የቆፈረ አለ፣ ከቦዩ በፊት ፈቃድ የፈረመ አለ፣ ከዚያም ዘይቱን የሸጠ አለ።

የእኛ ጨፌ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በወለጋና በኢሉባቦር ደጋና ወይና ደጋ፣ በኮረብታዎች መካከል ባሉ ሸለቆዎች ውስጥ ውኃ የሚተኛባቸው ብዙ ሜዳዎች አሉ። ጨፌ እንላቸዋለን። የእነዚህ ጨፌዎች ጥቁር አፈር የተሠራው በዋናነት ከሞስ አይደለም፤ ከቀጤማ፣ ከፊላና ከመሳሰሉት ነው። ቀጤማው ይሞታል፣ በውኃ ውስጥ በግማሽ ይበሰብሳል፣ አዲሱ በላዩ ይበቅላል። ሁሉም ጨፌ በሳይንሱ መስፈርት ፒት ይባላል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ በአብዛኛው ከኮረብታው ታጥቦ የወረደ ጭቃ ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ውኃው እስካለ ድረስ አፈሩ ይኖራል።

ቀጤማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለቡና ሥርዓት ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ በገጠር የጎጆ ክዳን ይሆናል። ቀጤማ አጫጁ ከላይ ያለውን ቆርጦ ይሄዳል፤ ሥሩ ይቀራል፤ ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጨፌው ነገም ጨፌ ነው። ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚያጠናው የፒት ዘላቂ አጠቃቀም እኛ ዘንድ በማጭድ ሲሠራ ኖሯል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ልዩነቱ አጭር ነው፤ ቀጤማ አጫጁ የዓመቱን ምርት ይወስዳል፤ ፒት ቆፋሪው ግን ማከማቻውን ራሱን።

ይሁን እንጂ ጨፌዎቻችን ደህና ናቸው ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ ፒት ተቆፍሮ በከረጢት አይሸጥም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር፣ በማጠንፈፍ ነው። በኢሉባቦር ገበሬዎች ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ የጨፌውን ጠርዝ በቦይ እያጠነፈፉ በበጋ በቆሎ ይዘሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክረምት ሲገባ የላይኛው እርሻ ገና አልደረሰም፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ የጨፌው በቆሎ ያኔ ይደርሳል። ልጆቹን በዚህ እሸት ያሳለፈ ሰው ፊት ቆሞ «ረግረግ አትንካ» ማለት የጠገበ ሰው ንግግር ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ምርት ይጨመር ተብሎ፣ ሰፋሪም በዝቶ፣ ማጠንፈፉ ተስፋፋ።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢሉባቦር የሠሩ ተመራማሪዎች፣ በኋላም የኢትዮ ረግረጋማ መሬቶችና የተፈጥሮ ሀብት ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት፣ ስለነዚህ ቦታዎች ብዙ ነገር አሳይተውናል። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከገበሬው የመጣ ነው። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች ጨፌውን በሙሉ አያጠነፍፉም። ላይኛውን ጫፍ ለቀጤማና ለውኃ ይተዋሉ፤ አዝመራው ሲነሳ ቦዮቹን ደፍነው ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደርጋሉ፤ ከጥቂት ዓመታት እርሻ በኋላም መሬቱን ያሳርፉታል። እንዲህ የተያዘ ጨፌ ለአሥርተ ዓመታት በቆሎም ቀጤማም ሰጥቷል። የተበላሸው በዓመት ሁለቴ የታረሰው፣ ቦዩ በጥልቀት ተቆፍሮ ክፍት የቀረው፣ ከብት እርጥቡን አፈር ረግጦ ያጠበቀው፣ በዳርቻው ባሕር ዛፍ የተተከለበት ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ይደርቃል፣ አፈሩ ይሟሽሻል፣ በቆሎው ይቀጭጫል፤ ቀጤማውም አይመለስም። በዳር ያለው ምንጭም ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ እንስራ ይዛ ረጅም መንገድ የምትሄደው እናት ወይም እህት ናት። በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ለዉዱእ ውኃ እንዳናባክን የተማርን ሰዎች ምንጩ ከየት እንደሚመጣ ብንጠይቅ ተገቢ ነው።

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ደግሞ ታሪኩ ተገላቢጦሽ ነው። ጮመን የተባለው ሰፊ ረግረግ በፊንጫ ግድብ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በውኃ ተዋጠ። ሐይቁ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሸፈነ፤ ከዚህ ውስጥ ረግረጉ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእሱ የሚበልጠው የግጦሽ መሬት ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናበራው መብራትና የፊንጫ ስኳር ከዚህ ውኃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ከረግረጉ የቀረው የሣርና የሥር ምንጣፍ በከፊል በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ኖሯል፤ ከብት የሚሰማራበትም አለ። ግጦሹ የተወሰደበት ሰው ግን ከብቱንና ማረሻውን ይዞ ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ወረደ። ረግረግን ከላይ በውኃ መቅበርም፣ ከታች በቦይ ማድረቅም ሒሳቡን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል።

እዚህ ላይ ከኢስላም ታሪክ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ወጣ ብሎ የሚገኘውን ነቂዕ የተባለ ቦታ ሒማ፣ ማለትም ጥብቅ የግጦሽ ስፍራ አድርገውት ነበር። ነቂዕ የሚለው ቃል ራሱ ውኃ የሚጠራቀምበትን፣ ሣር የሚለመልምበትን ቦታ ያመለክታል፤ በእኛ ቋንቋ ጨፌ ልንለው የምንችል ዓይነት። ዑመር (ረ.ዐ) በኋላ ሌላ ሒማ ሲከልሉ ለጠባቂው ለሁነይ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ደሃ አስገባው፣ የነዓብዱረህማን ኢብን ዐውፍንና የነዑስማን ኢብን ዐፋንን ከብት ግን ከልክል፤ እነሱ ከብታቸው ቢያልቅ ወደ ቴምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፣ ደሃው ግን መሄጃ የለውም። ቦታው ይጠበቅ ሲባል ማን ይግባ የሚለውም አብሮ ተወስኗል። ዛሬ በየቦታው ጨፌ ሲከለል መጀመሪያ የምትባረረው ቀጤማ አጭዳ የምትሸጠው ሴት ከሆነች፣ ወይም ጨፌው ለአንድ ባለሀብት ሲሰጥ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ተገልብጧል። ውኃ፣ ሣርና እሳት ሰዎች የሚጋሯቸው መሆናቸውም በሐዲስ ተነግሯል። ረግረግ ሦስቱንም በአንድ ላይ የያዘ ቦታ ነው፤ ፒት ማገዶ ነውና።

ታዲያ ችግኛችንን በምን እናፍላ?

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከረጢቱን ለመግዛት ላሰባችሁ፣ ከዋጋው ሌላ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጥሬ ፒት ሞስ በጣም አሲዳማ ነው፣ ፒኤች መጠኑ ከ4 አካባቢ አይርቅም። የወለጋ ቀይ አፈር ደግሞ ራሱ አሲዳማ ሆኖ ገበሬው ኖራ እየፈለገ ነው። ለእኛ አትክልት ቦታ መድኃኒቱ ፒት አይደለም። በዚያ ላይ ፒት ሞስ አንዴ ፈጽሞ ከደረቀ ውኃ መልሶ ለመምጠጥ ያስቸግራል፤ በበጋ ውኃ ለሚያጥረው ችግኝ ጣቢያ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ከጨፌ መቆፈሩንስ? ከላይ ያልነው ሁሉ መልሱ ነው። ነገር ግን የደን አፈርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ እያንዳንዷ ችግኝ የቆመችበት የፕላስቲክ ከረጢት በአንድ ነገር ተሞልቶ ነበር። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ድብልቅ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የደን አፈር ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ያቺ «የደን አፈር ወይም ኮምፖስት» የምትለው «ወይም» ብዙ ነገር ይዛለች። ከደን ሥር ቅጠል በሉን ገፎ መውሰድ ከፒት ቁፋሮ በመጠን ያንሳል እንጂ በጠባይ አይለይም፤ ደን ለመትከል ደንን መግፈፍ ነው።

በእኛ አካባቢ ኮምፖስት የሚሆን ነገር ሞልቷል። ነቀምት ስሟን ለዓለም ገበያ ያዋሰችው በቡና ነው፤ በየመፈልፈያው የቡና ገለባ ተቆልሎ ይታያል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ይቃጠላል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣው የጭማቂ ማጣሪያ ዝቃጭም ለአፈር ጥሩ ምግብ ነው። የግቢ ካፌው የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላም አለ። የቡና ገለባ ግን በጥሬው አይሆንም። ውስጡ ያለው ካፌይንና መሰሉ ነገር የዘርን ሥር ያቀጭጫል። ከከብት እበትና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር በየተራ ደርቦ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጡ ለጥቂት ወራት ማቆየት ይፈልጋል። ስለዚህ ለሰኔ ተከላ ክምሩ ቢያንስ በጥር መጀመር አለበት፤ በግንቦት የሚጀምር ሰው ተመልሶ የደን አፈር ፍለጋ ይሄዳል።

መድረሱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከክምሩ መሐል አንድ እፍኝ ውሰዱ፤ ሽታው እንደ ዝናብ መሬት ከሆነና እጅ ላይ ካልሞቀ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ በሁለት ጣሳ ላይ፣ አንዱን በኮምፖስቱ አንዱን በተራ አፈር ሞልታችሁ፣ አሥር አሥር የጎመን ዘር ዝሩ። በሳምንት ውስጥ የኮምፖስቱ ጣሳ ከተራው አፈር እኩል ከበቀለ ደርሷል። ግማሹ ብቻ ከወጣ ወይም የወጣው ቢጫ ከሆነ ክምሩን አገላብጡትና አንድ ወር ጨምሩለት።